ሮጦ ያልጠገበ እግር

በቋንቋችን ገና በለጋ ዕድሜው ላይ ያለ ሰው «ሮጦ ያልጠገበ» ይባላል። አነጋገሩ ይበልጡን የሚሰማው በለቅሶ ቤት ነው፤ ወጣት ሲቀጭ እናቶች ደረታቸውን እየደቁ ከሚያወጧቸው ቃላት አንዱ ነውና። ከቃሉ ሥር ግን አንድ ሐሳብ አለ። ይኸውም ሩጫ እንደ እህል የሚጠገብ ነገር መሆኑ፣ ሰውም ከአንድ የዕድሜ እርከን ሲደርስ ከሩጫ ማዕድ እጁን ታጥቦ የሚነሣ መሆኑ ነው። ሌላም አነጋገር አለን፤ ዕድሜውን ፈጽሞ ላረፈ ሰው «ሩጫውን ጨረሰ» እንላለን። ታዲያ በእነዚህ በሁለቱ መካከል፣ ሮጦ ባልጠገበው ወጣትና ሩጫውን በጨረሰው ሟች መካከል፣ የሚገኘው ሰው ምን ያደርጋል? ይራመዳል። ጋቢውን ደርቦ፣ ከዘራውን ይዞ፣ ግራና ቀኙን እየተሳለመ በዝግታ ይራመዳል። ጨዋ ሰው አይሮጥም። ትልቅ ሰው ሲሮጥ ከታየ ወይ ቤት ተቃጥሏል፣ ወይ ሰው ሞቷል፣ ወይም ሰውየው ራሱ ጤና ርቆታል።

ይህ ልማድ የሚገኘው ዓለም የሯጮች አገር ብሎ በሚጠራት በኢትዮጵያ መሆኑ ነገሩን ይበልጥ አስገራሚ ያደርገዋል። የአበበ ቢቂላን፣ የማሞ ወልዴን፣ የምሩጽ ይፍጠርን፣ የደራርቱ ቱሉን፣ የፋጡማ ሮባን ስም ሳይሰማ ያደገ ልጅ በመካከላችን የለም ለማለት ይቻላል። ትልቅ ውድድር በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ቡና ቤቱ ሁሉ ይሞላል፤ የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል ከወንበሩ የማይነሣ ሰው አይገኝም። ውድድሩ ሲያበቃ ግን ከቡና ቤቱ የወጣው ሕዝብ ታክሲ ይጠብቃል እንጂ አይሮጥም። ሩጫን እንደ ቅኔ ማኅሌት ለተመረጡ ባለሙያዎች ሰጥተን፣ እኛ በእልልታ የምናጅብ ሆነናል። ይህን የሚጽፈው ሰውም እስከ አርባ አራት ዓመቱ ድረስ ከአጃቢዎቹ አንዱ ነበር።

ወደ ሩጫ የወሰደኝ የስፖርት ፍቅር አይደለም፤ የሐኪም ቃል ነው። በአንድ ተራ ምርመራ በደሜ ውስጥ ያለው የስኳር መጠን ከልኩ አልፎ ከበሽታው ደፍ ላይ መድረሱ ታወቀ። «ገና አልተሻገሩም፤ ነገር ግን በሩን ይዘው ቆመዋል» አለኝ ሐኪሙ። ለሌላ ሰው ይህ ቃል ቀላል ሊሆን ይችላል። ለእኔ ግን ቃሉ አባቴን ማለት ነበር። አባቴ የአንዲት ትንሽ የገጠር ከተማ መምህር ነበር። በየቀኑ ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ አንድ ሰዓት ሄዶ አንድ ሰዓት ይመለሳል፤ ተማሪዎቹም ከሩቅ በአረማመዱ ይለዩታል። በኋላ ወደ ትልቅ ከተማ ተዛውሮ ከቢሮ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አርባ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው የስኳር በሽታ በእግር ጣቱ ላይ በወጣች ትንሽ ቁስል አሳብቦ ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ወሰደበት። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት በመስኮት ሥር ተቀምጦ ኖረ። የጎረቤት ልጆችን ደብተር ያርማል፣ ጋዜጣ ያነባል፣ ሰው ሲመጣ ይጫወታል። ስለ እግሩ ሲያማርር አንድ ጊዜም ሰምቼው አላውቅም። ዝናብ ባባራ ቁጥር ግን መንገዱን አሻግሮ እያየ፣ «አሁን መሬቱ ለመንገድ ይመቻል» ይል ነበር።

ሐኪሙ ነገሩን በቀላል ቋንቋ አስረዳኝ። የምንበላው እህል ስኳር ሆኖ ወደ ደም ይገባል፤ ከደም ወደ ሕዋሳት እንዲገባ የሚያደርገው ደግሞ ኢንሱሊን የተባለው ሆርሞን ነው። አካል ተቀምጦ ሲውልና ውፍረት ሲጨምር ሕዋሳት የኢንሱሊንን ትእዛዝ ለመስማት እየዘገዩ ይሄዳሉ፤ ስኳሩም ደም ውስጥ ይከማቻል። በሥራ ላይ ያለ ጡንቻ ግን የኢንሱሊንን ፈቃድ ብዙም ደጅ ሳይጠና ስኳሩን ከደም እየሳበ ያቃጥለዋል። እንግዲህ መድኃኒቱ ከመድኃኒት ቤት ብቻ ሳይሆን ከእግሬም የሚገኝ ሆነ ማለት ነው። አባቴ ያጣው እግር እኔ ዘንድ ነበር፤ እኔም ለብዙ ዓመታት ከጽሕፈት ጠረጴዛ ሥር አስቀምጬዋለሁ።

በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ ወደ ጃን ሜዳ ወረድሁ። የሰፈራችን ዘበኛ ከማማው ብቅ ብሎ ሲያየኝ ዱላውን አነሣ።

«ጋሼ! ምነው? ማን ምን ሆነ?»

«ምንም የለም፤ ስፖርት ነው።»

«እርስዎ?» አለ። ከዚያም በሩን ከፍቶ እስካልፍ ድረስ በአዘኔታ ተመለከተኝ። ለአንድ ሳምንት ያህል ሚስቴን እየጠበቀ ስለ ጤናዬ ይጠይቃት እንደ ነበር በኋላ ሰማሁ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ለጽሑፍ የሚበቃ ነገር የላቸውም፤ ሳል፣ ውጋትና የጉልበት ሕመም ብቻ ናቸው። ሜዳውን አንድ ጊዜ ሳልቆም ለመዞር ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። የሚጠቀሰው ነገር እዚያ ያገኘኋቸው ሰዎች ናቸው። ዘወትር ማለዳ የሚሰበሰቡ ከአሥር የማይበልጡ ሰዎች ነበሩ፤ ሁለት ነርሶች፣ አንድ ልብስ ሰፊ፣ አንዲት የሒሳብ መምህርት፣ ዕድሜያቸው ሰባ የተጠጋ ጡረተኛ አሥር አለቃም። ማንም አልመረጣቸውም፤ ይሁን እንጂ መሪያችን አሥር አለቃው ነበሩ። ሸራ ጫማ አድርገው፣ እጃቸውን ዝቅ አድርገው፣ መሬቱን እንዳያሳምሙት የሚጠነቀቁ ይመስል በለስላሳ እርምጃ ይሮጣሉ። እኔ እያለከለክሁ ልቀድማቸው ስል ክንዴን ያዙኝና፣ «ልጄ፣ አፍህ ዝም ካለ ፈጥነሃል ማለት ነው። እየሮጥህ ስለ ቤትህ ልታጫውተኝ ይገባል» አሉኝ። በኋላ በመጻሕፍት ሳገላብጥ የስፖርት ሐኪሞችም ጀማሪን የሚመክሩት ይህንኑ ሆኖ አገኘሁት። እየተነጋገሩ የሚሮጡት ሩጫ ልብን ያሰፋል፤ ጡንቻ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ያበዛል፤ ስብን የማቃጠል ችሎታን ያዳብራል። አሥር አለቃው ይህን ያወቁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከረጅም የእግር ጉዞ ነው።

አዲስ አበባ ለጀማሪ ሯጭ ጨካኝ ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቆረቆረች በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፤ እንጦጦ ላይ ሲወጣ ደግሞ ከፍታው 3,000 ሜትር ያልፋል። መንገዱ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ የመኪና ጭስ ይነግሣል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ መንገዱ የውሻ ነው። ሆኖም ከተማይቱን ያወቅኋት ያን ጊዜ ነው። ሃያ ዓመት በታክሲ መስኮት ያየኋት አዲስ አበባ ሌላ፣ በእግሬ የለካኋት አዲስ አበባ ሌላ ሆነችብኝ። ከጃን ሜዳ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ያለው ዳገት ስንት ትንፋሽ እንደሚፈጅ አወቅሁ። ኮተቤ ላይ የመጀመሪያው የዳቦ ሽታ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ፣ የእንጨት ተሸካሚ እናቶች ከእንጦጦ ሲወርዱ ጉልበታቸውን እንዴት አድርገው እንደሚያሳርፉ አየሁ። አንድ ቀን ዳገቱን ተያይዤ ስወጣ ከእነዚህ እናቶች አንዷ ሸክማቸውን እንደ ያዙ ቆም ብለው፣ «አይዞህ ልጄ፤ ማንም አልላከህ፣ ቀስ በል» አሉኝ። በዚያ ተራራ ላይ በእርግጥ ሯጭ የሚባለው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ብዙ መመራመር አላስፈለገኝም።

ባለቅኔ የሆነ ሰው ደግሞ ከሩጫ የሚያገኘው ሌላ ነገር አለ። የወል ቤት ስንኛችን አሥራ ሁለት ቀለም ይዞ በስድስት በስድስት ይከፈላል። ያለ ጭንቀት ስሮጥ በሦስት እርምጃ አየር እንደማስገባ፣ በሦስት እርምጃም እንደማስወጣ ልብ አልሁ። አንድ ትንፋሽ ስድስት እርምጃ፣ ሁለት ትንፋሽ አንድ ስንኝ መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲያ ብቻዬን ስሮጥ የልጅነት ግጥሞችን በሐሳቤ እያዜምሁ መሮጥ ያዝሁ። ዳገት ላይ ትንፋሼ ወደ ሁለት እርምጃ ሲያጥር ስንኙ ይሰበራል፤ ሲሰበርም መፍጠኔን እሠጋለሁ። አባቶቻችን ግጥምን በሥራ ላይ፣ በአጨዳና በውቂያ፣ በጉዞና በዘመቻ ሲያዜሙት የኖሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ምጣኔውን የሠራው ሳንባ ነው። ይህን በዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ስለ ሥነ ግጥም ከቀረቡ ትምህርቶች አላገኘሁትም ነበር።

በኅዳር ወር 2016 ዓ.ም. በታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ተካፈልሁ። በ1994 ዓ.ም. የተጀመረው ይህ የ10 ኪሎ ሜትር ውድድር ለአንድ እሑድ ጧት የጨዋ ሰው አይሮጥምን ሕግ የሚሽር በዓል ነው። በዚያ ቀን አያት ከልጅ ልጅ ጋር ሲሮጥ፣ ሙሽራ ከነሚዜዎቹ ሲጨፍር ማየት ይቻላል። በማግሥቱ ግን ጎዳናው እንደ ወትሮው ይሆናል። እኔም በዚያ ውድድር መጨረሻ ላይ ቆሜ ሳለሁ መምህርቷ፣ «ጋሼ፣ አሁን ሙሉውን መሞከር አለብን» አለችኝ። ሙሉው ያለችው ማራቶንን ነው።

ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። ይህ ያልተስተካከለ ቁጥር የራሱ ታሪክ አለው። የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ማራቶን በአቴና ሲካሄድ ርቀቱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ያሸነፈውም ስፒሪዶን ሉዊስ የተባለ ግሪካዊ ውኃ ቀጅ ነው። በ1900 ዓ.ም. በለንደን ኦሊምፒክ ሩጫው ከዊንዘር ቤተ መንግሥት ተነሥቶ በስታዲዮሙ ውስጥ ከንጉሣውያን ቤተሰብ መቀመጫ ፊት እንዲያበቃ በመደረጉ አሁን የምናውቀው ርቀት ተገኘ፤ በ1913 ዓ.ም. ደግሞ ይኸው ለሁሉም ደንብ ሆኖ ጸደቀ። አንባቢን ሊያስደንቅ የሚችለው ግን ሌላ ነገር ነው። የአቴናው የመጀመሪያ ማራቶን የተሮጠው ሚያዝያ 3 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ዐድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። በመካከላቸው ያለው ዐርባ ቀን ብቻ ነው። ማራቶን የተባለው ውድድርና ዐድዋ የተባለው ድል የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው።

የመጀመሪያ ማራቶኔን የሮጥሁት በሮማ ነው። አጋጣሚው የሥራ ጉዳይ ነበር፤ በዚያው በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም. ለአንድ ሥራ ሮማ መሄዴ ስላልቀረ፣ የከተማይቱም ማራቶን በዚያው ሳምንት ስለ ዋለ ስሜን አስመዘገብሁ። የኢጣልያ ሕግ ለውድድር የሚቀርብ ሰው ሁሉ የሐኪም ማረጋገጫ እንዲያመጣ ያስገድዳል። ማረጋገጫውን የፈረመልኝ በሩን ይዘው ቆመዋል ያለኝ ያው ሐኪም ነው። ከመፈረሙ በፊት የልቤን ምት በመሣሪያ ሲመረምር ቆየና፣ «ይህን ወረቀት ለጸሐፌ ተውኔት ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው» ብሎ ሣቀ።

ኢትዮጵያዊ ሮማን እንደ ማንኛውም አገር ጎብኚ ሊያያት አይችልም። ከባቡር ጣቢያው ሲወጣ የሚቀበለው አደባባይ «የአምስቱ መቶ» ተብሎ የተሰየመው በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ለወደቁት የኢጣልያ ወታደሮች መታሰቢያ ነው። ከጥንታዊው የሠረገላ እሽቅድምድም ሜዳ፣ ከቺርኮ ማሲሞ አጠገብ ያለው ፖርታ ካፔና አደባባይ ደግሞ በ1930 ዓ.ም. የአክሱም ሐውልት የቆመበት ነው። በወረራው ዘመን ተዘርፎ የተወሰደው ያ ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ፣ በ2000 ዓ.ም. አክሱም ላይ እንደገና ቆሟል። በዚህ አደባባይ ላይ፣ ሐውልቱ ገና እዚያው ሳለ፣ አበበ ቢቂላ አልፏል። ቀኑ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር፤ ማለትም የዘመን መለወጫ ዋዜማ። ሩጫው ከካምፒዶልዮ ኮረብታ ሥር ተነሥቶ፣ በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ተመልሶ፣ ወታደሮች በያዙት ችቦ ብርሃን በኮንስታንቲን ቅስት ሥር አለቀ። አበበ ጫማው ስላልተስማማው በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ ገባ፤ ከሞሮኮው ራዲ የተለየውም ወደ መጨረሻው ላይ፣ በዚያው ሐውልት አካባቢ እንደ ሆነ ይነገራል። ያን ቀን ማታ አገር ቤት ችቦ የሚለኮስበት ሰዓት ነበር።

በዚያች እሑድ ጧት ከኮሎሴዮ አጠገብ ካለው ሰፊ ጎዳና ላይ ከብዙ ሺህ ሰው ጋር ተሰለፍሁ። የቆምሁት ከኋላ ነው። ከፊት የቆሙት ባለሙያዎች መነሣታቸውን ያወቅነው በድምፅ ማጉያ ነው፤ እኛ መነሻው መስመር ላይ ስንደርስ እነርሱ በርካታ ኪሎ ሜትር ሄደዋል። ሆኖም ማንም ይህን ከቁም ነገር የቆጠረው አልነበረም። በቀኜ በኩል አንድ የባቡር ሠራተኛ፣ በግራዬ ከልጇ ጋር የመጣች አንዲት አሮጊት ነበሩ። ደረቴ ላይ የአገሬ ባንዲራ ስለ ነበረች አሮጊቷ ጣቷን ወደ ደረቴ ቀስራ፣ «ቢቂላ!» አለች። ከዚያ ወዲያ በየመንገዱ ዳር ከቆሙት ሰዎች ይህን ስም ሳልሰማ ያለፍሁበት ሠፈር ጥቂት ነው።

የሮማ አየር ለአዲስ አበባ ሳንባ ድግስ ነው። የመጀመሪያዎቹን አሥራ አምስት ኪሎ ሜትሮች ከኋላዬ የሚገፋኝ ሰው ያለ ይመስል ሄድሁ። በቅዱስ ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ አለፍን፤ «ሩጫውን ጨረሰ» የምንለው አነጋገር ምንጩ የዚያ ሐዋርያ መልእክት ነውና ፈገግ አልሁ። ከዚያ የቴቬሬን ወንዝ ተከትለን ወደ ሰሜን አመራን። በዚያ በኩል ፎሮ ኢታሊኮ የሚባለው የስፖርት ሥፍራ ይገኛል፤ የሙሶሊኒ ስም የተቀረጸበት ረጅም የእብነ በረድ ዓምድ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። የእኛ ሐውልት ከሮማ ወጥቷል፤ የእርሱ ዓምድ ቀርቷል። በዚያ አካባቢ የአንድ ኢትዮጵያዊ ጎልማሳ ላብ ሲንጠባጠብ ማለፉ ለታሪክ ምንም አይደለም፤ ለእኔ ግን ጥቂት ነገር ነበር።

ወደ መሐል ከተማ ስንመለስ መንገዱ በጥቋቁር ድንጋይ የተነጠፈ ይሆናል። የአዲስ አበባ ልጅ ይህን መንገድ ያውቀዋል፤ በየሰፈራችን ወጣቶች እየጠረቡ ያነጠፉት ኮብልስቶን ነው። ግን 30 ኪሎ ሜትር ከሮጡ በኋላ የሚረገጥ ድንጋይ ሌላ ነው። ጡንቻና ጉበት የሚያጠራቅሙት ስኳር ለሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚበቃ ስንቅ ነው። ስንቁ ሲያልቅ አካል ወደ ስብ ይዞራል፤ ስብ ግን ቶሎ የማይነድ እርጥብ እንጨት ነው። እግር ይከብዳል፤ ሐሳብ ይደበዝዛል፤ ሰው በትንሽ ነገር ሊያለቅስ ይቃጣዋል። ሯጮች ይህን «ግድግዳው» ይሉታል። እኔ ግድግዳው ዘንድ የደረስሁት 33ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ግራ ባቴን ቁርጥማት ያዘኝ፤ ቆምሁ። ከመንገዱ ዳር የነበረ አንድ ልጅ በእጁ የያዘውን የብርቱካን ቁራጭ ሰጠኝ። በአፌ ውስጥ የፈሰሰውን ጣፋጭ ውኃ ስውጥ፣ ሁለት ዓመት ያህል እንደ ጠላት ስሸሸው የኖርሁት ስኳር ያን ሰዓት በሰውነቴ ውስጥ እንደ ጠፋና በልመና እንደ መጣ አሰብሁ። ስኳር ጠላት አይደለም። ጠላቱ የማይሠራ አካል ነው። አባቴን የበላው እህል አይደለም፤ ወንበሩ ነው።

ያን ግራ እግሬን በሁለት እጄ ይዤ አሸሁት። አባቴ ያጣው ይህንኑ ነበር። ስለዚህ ነገር ብዙ አልናገርም። ተነሥቼ መጀመሪያ ተራመድሁ፤ ከዚያ በሁለት እርምጃ አንድ ትንፋሽ እያልሁ ማዝገም ጀመርሁ። ስንኙ ተሰብሯል፤ ቢሆንም ግጥሙ አላለቀም ነበር። የመጨረሻዎቹን ዘጠኝ ኪሎ ሜትሮች ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጁብኝ። ቺርኮ ማሲሞ ላይ ካለው መጨረሻ ስደርስ ሰዓቱ 4 ሰዓት ከ51 ደቂቃ ይላል። በዚህ ጊዜ አበበ ቢቂላ ቢሆን ማራቶኑን ሁለት ጊዜ ሮጦ ሻይ ለመጠጣትም ይተርፈው ነበር።

ሜዳሊያዬን አንገቴ ላይ አጥልቄ ከመሄድ ይልቅ ሣሩ ላይ ተቀመጥሁ። ከእኔ በኋላም ሰው ይመጣ ነበር። አሥር አለቃውን የሚያስታውሱኝ ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ መጡ። ሁለት ሴቶች ተደጋግፈው መጡ። አንድ ወጣት እያነከሰ መጣ፤ ከመስመሩ ሲደርስ አንድ የሚያውቀውን ሰው በዐይኑ ሲፈልግ አየሁት። ይህን ሁሉ በአማርኛ ለመጻፍ ማስታወሻዬን አወጣሁና ቃል አጣሁ። በሩጫ ላይ ያለን መዝገበ ቃላት የአሸናፊ መዝገበ ቃላት ነው፤ ድል፣ ወርቅ፣ ጀግና፣ አንበሳ። አራተኛ የወጣ ሯጭ በጋዜጦቻችን «ባዶ እጁን ተመለሰ» ይባላል። በዓለም ላይ ከሦስት ሰው በቀር የማይቀድመውን ሰው ባዶ እጁን ነው የምንለው ቋንቋ፣ ስምንት ሺህኛ ለወጣ ሰው ምን ቃል ይኖረዋል?

ይህ የስፖርት ጋዜጠኞች ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የእኛም የደራሲዎችና የተዋንያን ጉዳይ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ የሮጠው አንድ አበበ ብቻ አልነበረም። አበበ ዋቅጅራ የተባለው ጓደኛው በዚያው ሌሊት ሰባተኛ ወጥቷል። ከዓለም ሰባተኛ! ስለ እርሱ የተጻፈ ተውኔት አላውቅም። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ማሞ ወልዴ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰኮንድ ገብቶ ወርቁን ሲያገኝ ሁላችንም ታሪኩን እናውቃለን። በዚያው ቀን ግን ጆን ስቴፈን አክዋሪ የተባለ የታንዛኒያ ሯጭ ወድቆ ጉልበቱ ከተጎዳ በኋላ በፋሻ እንደ ተጠቀለለ፣ ከማሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይቶ፣ ስታዲዮሙ በጨለመ ጊዜ ገባ። ከተነሡት 75 ሯጮች 57ቱ ብቻ ጨርሰዋል፤ እርሱ 57ኛው ነበር። አገሩ ታንዛኒያ ስሙን እስከ ዛሬ በክብር ትጠራዋለች።

ስለ አበበ ቢቂላም ቢሆን የምንተርከው ግማሹን ነው። ሮማን፣ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ደግሞ ቶኪዮን እንተርካለን፤ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በዓለም ፈጣን ሰዓት አሸንፎ፣ ከመስመሩ ወዲያ ጅምናስቲክ መሥራቱን እንተርካለን። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. የደረሰበት የመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ካደረገው በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ ቀስት እየወረወረ መወዳደሩን ግን ቶሎ እናልፈዋለን። ለእኔ ይህ ሁለተኛው አበበ ከመጀመሪያው አያንስም። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ሲያርፍ በእውነት ሩጫውን ጨረሰ ሊባል የሚገባው ሰው ነበር፤ እግሩ ከቆመ በኋላም ሮጧልና። አንድ ሌላ ነገርም አለ። በ2002 ዓ.ም. የሮማ ማራቶን አሸናፊ ሲራጅ ገና መጨረሻው ላይ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ የገባው አበበን ለማሰብ ነው። ሯጮች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት እንዲህ ያለ ቋንቋ አላቸው። ሥነ ጽሑፋችን ሊማረው የሚገባ ቋንቋ ይመስለኛል።

ከቋንቋው ባሻገር የሜዳው ነገር አለ። ሯጭ ከሰማይ አይወርድም። በቆጂ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር የነበሩት ሥንታየሁ እሸቱ እነ ደራርቱ ቱሉን፣ እነ ቀነኒሳ በቀለን፣ እነ ጥሩነሽ ዲባባን በልጅነታቸው ያሠለጠኑት በትልቅ ስታዲዮም ሳይሆን ሰፊ ሣር ባለበት ሜዳ ላይ ነው። ዛሬ በየከተማው ሜዳው እየታጠረ፣ የትምህርት ቤቱ ግቢ እየጠበበ ሲሄድ የምናጣው ሻምፒዮንን ብቻ አይደለም። የስኳር በሽታና የደም ግፊት ለበረከተበት የከተማ ነዋሪ፣ ጠረጴዛ ላይ ለሚውል ሠራተኛ፣ ጧት ጧት በደኅና ወጥታ ልትሮጥ ለምትሻ ሴት የሚሆን ቦታም ነው የምናጣው። ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መካከል ቦታ የመደልደልና ዕቅድ የማውጣት ኃላፊነት ያለባቸው ይኖራሉ፤ ለአንድ ሜዳ የሚወጣ ገንዘብ ለአንድ ሆስፒታል ክፍል ከሚወጣው ጋር ይነጻጸርላቸው። መምህራንም በስፖርት ክፍለ ጊዜ አንደኛ የወጣውን ብቻ ሳይሆን የጨረሰውንም ተማሪ ስም ይጥሩ።

በዚያው ዓመት፣ ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ታምራት ቶላ በፓሪስ 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰኮንድ ገብቶ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰበረ። በዚያው ቀን ማታ ደግሞ ሃያ ሺህ ያህል ተራ ሰዎች በዚያው እርሱ በሮጠበት መንገድ ማራቶን እንዲሮጡ ተፈቀደላቸው። ይህ በኦሊምፒክ ታሪክ የመጀመሪያው ነበር። የታምራትን ድል ከጃን ሜዳ ጓደኞቼ ጋር ሆነን አየን፤ እልልም አልን። አሥር አለቃው ግን ቴሌቪዥኑ ከተዘጋ በኋላ ስለ ሌሊቶቹ ሯጮች ነበር የጠየቁኝ። «ስንቱ ጨረሰ?» አሉኝ።

ከሮማ መልስ ባደረግሁት ምርመራ በደሜ ያለው የስኳር መጠን ወደ ልኩ ተመልሷል። ሐኪሙ ይህ የአንድ ጊዜ ድል እንዳልሆነ፣ የተውሁት ዕለት ተመልሶ እንደሚመጣ አስጠንቅቆኛል። ስለዚህ በየማለዳው እወጣለሁ። ዘበኛው አሁን ሲያየኝ ዱላውን አያነሣም፤ ባለፈው ክረምት አንድ ቀን፣ «ጋሼ፣ ይህ ነገር ለወገብ ሕመም ይሆናል?» ብሎ ጠየቀኝ። ተረኛ ባልሆነበት ቀን አብሮን መምጣት ከጀመረ ሦስተኛ ወሩ ነው። መምህርቷም የመጀመሪያ ማራቶኗን ለመሮጥ እየተዘጋጀች ነው። ሲዘንብ አድሮ ያባራ እንደ ሆነ በጧት መሬቱ ለስላሳ ይሆናል፤ ለመንገድ ይመቻል።